በትርንጎ ካርድ

ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ ወረዳ ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል ጎን ያለች ጠባብ ቢሮ፤ አዋላጇ ሲስተር ሐመልማል የሞት ማስረጃ ጽፋ ማኅተም ልትመታበት ስትል፣ ከገጠር የመጣችው ትርንጎ መዳፏን ወረቀቱ ላይ ዘርግታ ከልክላታለች።

ትርንጎ፦ አይምቱት። በሞቴ ሲስተር፣ ማኅተሙን አይምቱት።

ሐመልማል፦ እጅሽን አንሺ እህቴ። ቀለም ይነካሻል።

ትርንጎ፦ ይንካኝ። ዛሬ ከነካኝ የባሰ ምን ይነካኛል።

ሐመልማል፦ ኀዘንሽ ይገባኛል፣ አልቅሺ የሚከለክልሽ የለም። ግን ያለዚህ ወረቀት ዘበኛው አስከሬን ከግቢ አያስወጣም። ሰዎቻችሁ ቃሬዛ ይዘው በር ላይ ቆመዋል። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሳይመሽባችሁ ውሰዷት።

ትርንጎ፦ እሷን ልወስድ ነው የመጣሁት። ወረቀቱ ላይ ያለችውን ግን አልወስድም።

ሐመልማል፦ ምን ማለት ነው?

ትርንጎ፦ እስቲ ያንብቡልኝ። ማን ሞተች ይላል?

ሐመልማል፦ ትርንጎ ቢምረው አያሌው። ዕድሜ ሠላሳ አንድ። የሞቱ ምክንያት ከወሊድ በኋላ ደም መፍሰስ።

ትርንጎ፦ ትርንጎ ቢምረው እኔ ነኝ።

ሐመልማል፦ በሩን ገፋ አድርጊው።

ትርንጎ፦ ካላመኑኝ ይቆንጥጡኝ። ይኸው ቆሜ እያነጋገርኩዎት ነው።

ሐመልማል፦ በሩን ዝጊው አልኩሽ። ቀስ ብለሽም አውሪ፣ ግድግዳው ኮምፖርሳቶ ነው።

ትርንጎ፦ የሞተችው ታናሽ እህቴ ናት። የጤና መድን ካርዱ የእኔ ነው፤ የእኔ፣ የባሌና የልጆቼ። እሷ ካርድ የላትም።

ሐመልማል፦ ለምን አልተመዘገበችም?

ትርንጎ፦ ከተማ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ በሚያዝያ መጣች፣ ሆዷን በነጠላ ሸፍና። ከማን ነው አይበሉኝ፤ እኔም አልጠየቅኳት። የመድኑ መዝገብ የሚከፈተው በጥር ነው። የቀበሌው ሰው «ተዘግቷል፣ የዓመት ሰው ይበለን» አለኝ። ምጥ የዓመት ሰው ይበለን ይላል?

ሐመልማል፦ እና በአንቺ ስም አስገባሻት።

ትርንጎ፦ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? እኔ ደግሞ ጨንቆኝ ስሜን ለእርጉዝ አዋስኩ። እህትማማች ነን፤ ቀሚስ እንዋዋሳለን፣ ጫማ እንዋዋሳለን። ስም ያን ያህል የሚከብድ አልመሰለኝም።

ሐመልማል፦ ፎቶውስ? ካርድ ክፍል ማንም አላየም?

ትርንጎ፦ ፎቶው ላይ ያለችው ነጠላ የተከናነበች ጠቆር ያለች ሴት ናት። እኛ አገር እንዲያ ያልሆነች ማን አለች? ሰውዬው ቀና ብሎም አላየን። ካርዱን አየ፣ ቁጥሩን ጻፈ፣ ቀጥሎ አለ።

ሐመልማል፦ ይሄ ማጭበርበር ነው፣ ታውቂያለሽ?

ትርንጎ፦ አውቃለሁ። እርስዎ ግን አልደነገጡም ሲስተር።

ሐመልማል፦ ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ሠርቼ ምን ያስደነግጠኛል።

ትርንጎ፦ እንግዲያውስ አንድ ቃል ይቀይሩልኝ። የአባቷ ስም ያው ነው፣ ያያቷም ያው ነው። የፊተኛዋን ብቻ ነው የምለምንዎት። ስሟ...

ሐመልማል፦ አትንገሪኝ።

ትርንጎ፦ ምነው?

ሐመልማል፦ ስሟን አትንገሪኝ አልኩሽ። ያልሰማሁትን ማንም አይጠይቀኝም። ለራስሽ ብዬ ነው። አሁን ሌላ ስም ብጽፍ ነገ የመድን ሰዎች ይመጣሉ፣ «በማን ካርድ ታከመች?» ይላሉ። አንቺን ይከሱሻል፣ ቤተሰባችሁን በሙሉ ይሰርዛሉ። ስንት ልጅ አለሽ?

ትርንጎ፦ ሦስት።

ሐመልማል፦ አንዱ ወባ ሲይዘው በየትኛው ካርድ ልታመጪው ነው?

ትርንጎ፦ እናታቸው ሞታለች ከተባለስ በየትኛው ነው የማመጣው?

ሐመልማል፦ ካርዱ በአባወራው ስም ይቀጥላል። ይሄ ወረቀት እንደሆነ ቀበሌ ደርሶ መዝገብ እስኪገባ ዓመት ይፈጃል። አቧራ ለብሶ እዚያው ይቀራል። አንቺ ቤትሽ ትገቢያለሽ፣ እህትሽን ትቀብሪያለሽ፣ ማንም ምንም አይልም።

ትርንጎ፦ የመሬት ደብተሩ ላይ ከባሌ ጋር በፎቶ አለሁ። ሞተች ከተባለ ሌላ ያገባበታል። ሰውዬው ድሮም ሰበብ ነው ያጣው።

ሐመልማል፦ በዚህ ቀን ትቀልጃለሽ?

ትርንጎ፦ ካልቀለድኩ እወድቃለሁ። ከወደቅኩ የምታነሳኝ እህት የለችኝም።

ሐመልማል፦ ተቀመጪ። ያ ወንበር እግሩ አይረባም፣ ወዲህኛው ላይ።

ትርንጎ፦ አልቀመጥም። ቁጭ ካልኩ ማኅተሙን ይመቱታል።

ሐመልማል፦ እሺ፣ ስሙ ቢቀየር ለእሷ ምን ይጠቅማታል? ቄሱ ሲፈታት በክርስትና ስሟ ነው የሚጠራት። ይሄን ወረቀት እግዜር አያነበውም።

ትርንጎ፦ እግዜርማ ያውቃታል። የማያውቃት መንግሥት ነው። ትምህርት ቤት አልገባች፣ ካርድ የላት፣ መታወቂያ የላት። አሠሪዎቿ እንኳ የራሷን ስም ትተው ሌላ ስም አውጥተው ነበር የሚጠሯት፤ «ለአፋችን አይመችም» ብለው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖራ ስሟ አንድ ቦታ አልተጻፈም። ሰው ሲያልፍ ስሙ ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የእሷ ከምኑ ላይ ይዋል?

ሐመልማል፦ እናንተ ታስታውሷታላችሁ።

ትርንጎ፦ ልጅቱስ? ዛሬ ጠዋት የተወለደችው? እሷም ወረቀቷ ላይ እናቷ ትርንጎ ትባላለች። አሁን በር ላይ ጎረቤቴ አቅፋታለች፣ በስኳር ውኃ እያታለለቻት ነው። ነገ አድጋ እናቴ ማን ናት ብትል፣ እኔን ቆሜ እያየችኝ «እናትሽ ትርንጎ ናት፣ ትርንጎ ሞታለች» ልበላት?

ሐመልማል፦ አንቺ ታሳድጊያታለሽ፣ አንቺ እናቷ ትሆኛለሽ። እንደውም ወረቀቱ እንዲያ መሆኑ ይሻላል።

ትርንጎ፦ የእናቷን ስም ከቀማኋትማ እንጀራ እናት ነው የምሆንባት።

ሐመልማል፦ ስሚኝ። አንድ ነገር ላድርግልሽ። አምቡላንሱ ቆሟል። ለሹፌሩ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ፣ እስከ መንደራችሁ መገንጠያ ያደርሳችኋል። በቃሬዛ አትንገላቱ።

ትርንጎ፦ አምቡላንሱ አለ?

ሐመልማል፦ አለ። ለአስከሬን አይፈቀድም፣ ግን እኔ እጠይቅልሻለሁ።

ትርንጎ፦ ትናንት ጠዋት የጤና ጣቢያዋ ሠራተኛ ስትደውል ጎማ የለውም ተባልን። ባጃጅ ላይ ሁለት ጊዜ ነው ምጥ የያዛት፤ ባለባጃጁ «ወንበሬን» እያለ። በሕይወት ሳለች ጎማ ያጣው አምቡላንስ ስትሞት ጎማ አወጣ?

ሐመልማል፦ እኔ የሹፌር አለቃ አይደለሁም።

ትርንጎ፦ አልወቀስኩዎትም። ደግነቱ ስለበዛብኝ ነው። ከትናንት ጀምሮ እዚህ ግቢ ደግ ቃል የሰማሁት ከሞተች ወዲህ ነው።

ሐመልማል፦ ምን አደረግናችሁ? በዚህ ዓይነት ሥራ...

ትርንጎ፦ ጓንት ግዢ አላችሁኝ፣ ገዛሁ። ውኃ የለም፣ በጀሪካን አምጪ አላችሁኝ፣ ወንዝ ወርጄ ቀድቼ አመጣሁ። ከበሩ ራቂ አላችሁኝ፣ ራቅኩ። ሁሉን ሆንኩ። ከውስጥ ግን የእርስዎን ድምፅ እሰማ ነበር። «አራተኛሽ አይደል እንዴ፣ ምን እንደ ኮረዳ ያስጮኽሻል» ሲሏት። የጥፊውንም ድምፅ ሰምቻለሁ።

ሐመልማል፦ ጭኗን ነው። እንድትበረታ ነው። ልጁ ሲታፈን ዝም ብለን አናይም፣ እንቆጣለን።

ትርንጎ፦ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሐመልማል፦ የሆስፒታሉ ካርድ ሦስት ወልዳለች ይላል።

ትርንጎ፦ ካርዱ ወለደ? እኔ ነኝ የወለድኩት። ባጃጅ ላይ ሁሉ አስጠንቻታለሁ፤ «ስንት ወለድሽ ሲሉሽ ሦስት በይ፤ ትርንጎ ሲሉሽ አቤት በይ» እያልኩ። ምጡ ሲለቃት ትደግመዋለች፣ ሲይዛት ይጠፋባታል። እንዲያ ባላስጠናት ኖሮ የመጀመሪያዋ መሆኑን አውቃችሁ ታባብሏት ነበር። ጥፊውን ያቀበልኳት እኔ ነኝ።

ሐመልማል፦ ራስሽን አትክሰሺ።

ትርንጎ፦ ሌላ የምከሰው አለ?

ሐመልማል፦ ማንም የለም። ደም ፈሰሳት፣ ሞተች። በየወሩ የምናየው ነው።

ትርንጎ፦ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ሲስተር። የገደላት የፈሰሰው ነው ወይስ የገባው?

ሐመልማል፦ ምን?

ትርንጎ፦ ደሙ። የወጣው ነው የገደላት ወይስ በላስቲክ የገባው?

ሐመልማል፦ ይሄን ማን ነገረሽ?

ትርንጎ፦ ሁለት ዓመት አይሆንም፣ የመጨረሻውን ስወልድ እዚሁ ደም ተሰጥቶኛል። ያኔ ወንድሜ ልስጣት ቢል መርምረው አይገጥምም አሉት። የአንድ እናት ልጆች ደማቸው እንደሚለያይ ያኔ ነው ያወቅኩ። የእኔ ደም ዓይነት እዚያ ካርድ ላይ ነው የተጻፈው። ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ «ሩጪ ላቦራቶሪ፣ ደም አምጪ» አላችሁኝ፣ ሮጥኩ። ላቦራቶሪ ያለውን ሰው «መረመራችሁላት?» አልኩት። «ካርዷ ላይ አለ፣ መመርመሪያውም አልቋል፣ ፍጠኚ» አለኝ።

ሐመልማል፦ እና አንቺ ምን አልሽ?

ትርንጎ፦ ምን እላለሁ? ስሟ ሌላ ነው ብል ከአልጋ ያወርዷታል ብዬ ፈራሁ። «ምናልባት የእሷና የእኔ ይገጥም ይሆናል፣ እግዜር ያውቃል» አልኩ። ላስቲኩን በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ እንዳይበርዳት ደረቴ ላይ አቅፌ ነው ያመጣሁት። በር ላይ ለእርስዎ ሰጠሁ።

ሐመልማል፦ እንግዲህ ተሸክመሽ ያመጣሽው አንቺ ነሽ። ይሄን ሌላ ቦታ እንዳትደግሚው። እናት ስትሞት ከዞን መርማሪ ይመጣል፤ ይሄን ከሰሙ መጀመሪያ የሚይዙት አንቺን ነው። እኔ ላስቲኩ ላይ ያየሁት ስም ካርዱ ላይ ካየሁት ስም ጋር አንድ ነው። እጄ ንጹህ ነው።

ትርንጎ፦ እጅዎ ንጹህ ከሆነማ ጥሩ ነው። የእኔ ግን ቀለም ነክቶታል።

ሐመልማል፦ ሂጂ ቅበሪያት ትርንጎ። እናትሽ ሰምታለች?

ትርንጎ፦ አልሰማችም። ነገ ሳይነጋ ሽማግሌ ሄዶ ይነግራታል። አሁን ለወላድ ገንፎ የሚሆን እህል ስትለቅም ነው የምትውለው። ምን ብለሽ ላክሻት፣ በማን ስም አስገባሻት ካለችኝ ምን እላታለሁ? ሐሳቡ የእሷም ነበር። «እህትማማች አይደላችሁ፣ ማን ይለያችኋል» ያለችው እሷ ናት።

ሐመልማል፦ ለእናትሽ አልተሠቃየችም በያት።

ትርንጎ፦ አልተሠቃየችም?

ሐመልማል፦ ብዙ አልተሠቃየችም።

ትርንጎ፦ መጨረሻ ላይ ምን አለች? ይሄን እንኳ ይንገሩኝ። ወጥታ ሳላያት፣ ገብቼ ሳላያት ነው የቀረችው። ምን አለች?

ሐመልማል፦ ትቃዥ ነበር። ካርዱ ላይ ጽፌዋለሁ።

ትርንጎ፦ ምን ብለው ጻፉ?

ሐመልማል፦ «የራሷን ስም እየጠራች ትቃዣለች።» ትርንጎ፣ ትርንጎ ነበር የምትለው። ደጋግማ።

ትርንጎ፦ የራሷን ስም አሉኝ?

ሐመልማል፦ ካርዱ ላይ ያለው እሱ ነው።

ትርንጎ፦ እኔን ነው የጠራችው።

ሐመልማል፦ አሁንማ ገባኝ።

ትርንጎ፦ ሰምቻታለሁ እኮ ሲስተር።

ሐመልማል፦ ምኑን?

ትርንጎ፦ በር ላይ ነበርኩ፣ አሥር እርምጃ አልርቅም። ትርንጎ ሲባል ሰማሁ። ሌሎቹም ሴቶች ይጮኻሉ፣ ድምፁም ሻክሮ የእሷን አልመሰለኝም። እናንተ እሷን የምትጠሯት መሰለኝ። «ተመስገን፣ ስሟን ይዘውላታል» አልኩ። አቤት ብዬ ብነሳ ነገሩ ይበላሻል፣ ሁለት ትርንጎ ከየት መጣ ይላሉ አልኩ። አፌን በነጠላዬ ያዝኩት። አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ ጠራችኝ። ዝም አልኳት። ልጅ ሆና ከብት ደንብሮባት ስትጠራኝ ከወንዝ ማዶ ነበር አቤት የምላት። ዛሬ ከበሩ ማዶ ሆኜ ዝም አልኳት። ከዚህ በኋላ ማን ቢጠራኝ አቤት እላለሁ?

ሐመልማል፦ አይዞሽ። አታልቅሺ አልልሽም፣ ግን አይዞሽ።

ትርንጎ፦ ጥላኝ ሄደች ብላ ነው የሞተችው። እህቴ ጥላኝ ሄደች ብላ።

ሐመልማል፦ አላለችም። ውጭ እንዳለሽ ታውቅ ነበር። ደብሬ እኮ ምንም አልተቀየመችሽም፤ «ውጭ ናት» ነው ያለችው እንጂ ጥላኝ ሄደች አላለችም።

ትርንጎ፦ ማን አሉኝ?

ሐመልማል፦ እህትሽ።

ትርንጎ፦ ደብሬ አሉ።

ሐመልማል፦ አንቺ ነገርሽኝ። መጀመሪያ ስትገቢ።

ትርንጎ፦ አልነገርኩዎትም። ልነግርዎት ስል አትንገሪኝ ብለው አፌን ያዙኝ። ከገባሁ ጀምሮ ታናሼ፣ እህቴ እያልኩ ነው እንጂ ደብሬ ብዬ አልጠራሁም። ስጠራት ስለምሰበር ነው ያልጠራሁት።

ሐመልማል፦ ሰምቼ ይሆናል። ከሰዎቻችሁ። በር ላይ።

ትርንጎ፦ ሰዎቼ በር ላይ ሆነው የሚያለቅሱት «እሜቴ፣ እሜቴ» እያሉ ነው። ስሟን እንዳይጠሩ እኔ ነኝ ያስጠነቀቅኳቸው። ሲስተር፣ መቼ ነገረችሽ?

ሐመልማል፦ ድምፅሽን ቀንሺ።

ትርንጎ፦ መቼ ነው ስሟን የነገረችሽ?

ሐመልማል፦ ደሙን ልሰቅል ስል።

ትርንጎ፦ ሳትሰቅዪው በፊት?

ሐመልማል፦ ደም ሲሰጥ በሽተኛውን ስምህ ማነው ማለት ሕግ ነው። ጠየቅኳት። «ደብሬ» አለችኝ። «ካርድሽ ትርንጎ ነው የሚለው፣ ትርንጎ አይደለሽም እንዴ?» አልኳት። «ትርንጎ ውጭ ናት፣ ጥሩልኝ» አለችኝ።

ትርንጎ፦ እና?

ሐመልማል፦ እና ምን? ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ሳልቀመጥ ነው ያደርኩት። ሦስት ሴቶች በአንድ ላይ ያምጣሉ፣ የአንዷ ልጅ በእግሩ እየመጣ ነው። እህትሽ ደሟ እንደ ቧንቧ ይወርዳል። የደከመ ሰው ስሙን ይስታል፣ አይቻለሁ። ቀባጠረች አልኩ።

ትርንጎ፦ ሁለት እርምጃ ወጥተሽ ትርንጎ የምትባል አለች ብትዪኝስ?

ሐመልማል፦ አላልኩም። አጣራለሁ ብል ሌላ ደም እስኪመጣ ታልፋለች ብዬ ነው። የመጀመሪያዋ መሆኑንም እጄ ነግሮኝ ነበር፤ ሠላሳ አንድ ዓመት እንደማይሆናትም ዓይኔ አይቶ ነበር። እጄንም ዓይኔንም ትቼ ካርዱን አመንኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መንቀጥቀጥ ጀመረች፣ ወገቤን ተቃጠልኩ አለች። ደሙ እንዳልገጠማት ያኔ ገባኝ። ነቀልኩት። ግን ገብቶ ነበር።

ትርንጎ፦ «የራሷን ስም እየጠራች ትቃዣለች» የሚለውን መቼ ጻፍሽው?

ሐመልማል፦ ተይኝ ትርንጎ።

ትርንጎ፦ መቼ ጻፍሽው?

ሐመልማል፦ ከሞተች በኋላ።

ትርንጎ፦ ልብሽ እያወቀ።

ሐመልማል፦ ልቤ እያወቀ። በቃ? አንቺስ ላስቲኩን አቅፈሽ ስታመጪ ልብሽ አላወቀም? ሁለታችንም አውቀናል፣ ሁለታችንም ፈርተናል። በምን ትበልጪኛለሽ?

ትርንጎ፦ በምንም አልበልጥሽም። እኔ ስሜን አልብሼ ላክኋት፣ አንቺ ስሟን ስትነግርሽ አልቀበል አልሻት። እሱን አብረን እንሸከመዋለን። አሁን ግን እውነቱን ጻፊ። ደብሬ ቢምረው ብለሽ ጻፊ፤ በምን እንደሞተችም ጻፊ።

ሐመልማል፦ አልችልም።

ትርንጎ፦ አንድ ቃል ነበር የለመንኩሽ። አሁን ሁለት ሆነ፤ ዝም ብትዪ ይጨምራል።

ሐመልማል፦ ስሟን ከጻፍኩ መቼ አወቅሽ ይሉኛል። መቼ እንዳወቅኩ ከተናገርኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ በአንድ ቀን ገደል ይገባል። ስንት ሺህ ልጅ በዚህ እጄ ተቀብያለሁ መሰለሽ? የአንቺንም ሦስተኛ የተቀበልኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። አንዷን ሳትኩ። አንዷን።

ትርንጎ፦ እኔም ያለችኝ አንዷ ነበረች።

ሐመልማል፦ እጅሽን አንሺ።

ትርንጎ፦ አላነሳም።

ሐመልማል፦ አንሺ አልኩሽ።

ትርንጎ፦ መታሽው።

ሐመልማል፦ መታሁት። አለቀ። ወረቀቱ ማኅተም አርፎበታል፣ ዶክተሩም ቀድሞ ፈርሟል። ዞን ሄደሽ ብትጮኺ መጀመሪያ የሚሉሽ አንቺ ማን ነሽ ነው። ትርንጎ ቢምረው ነኝ ትያለሽ። ይሄን ያወጡልሻል፤ ትርንጎ ቢምረው ሞታለች። ሙት ደግሞ አይከስም።

ትርንጎ፦ ሙት አይታሰርምም፣ ከመድንም አይሰረዝም። ከገባሁ ጀምሮ ያስፈራራሽኝ በሕይወት ያለችዋን ትርንጎ ነበር፤ እሷን አሁን በእጅሽ ገደልሻት። እዚህ ክፍል ውስጥ በሕይወት ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ ሐመልማል፤ ሌላ ቅጽ አውጪ።